የመንግሥት ተቋማት የፈቃደኝነት ተጠያቂነት

የፈቃደኝነት ተጠያቂነት ማለት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ ከሚያስገድደው አልፎ፣ በራሱ ውሳኔ ስለ ሥራው መረጃ መስጠቱ፣ ጥያቄ መቀበሉና ለሚሰጠው አስተያየት በተግባር ምላሽ መስጠቱ ነው። በጀቱን በሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ተገልጋዮች ነጥብ እንዲሰጡት ስብሰባ የሚጠራ ጤና ጣቢያ፣ ሥራውን በሌላ ሆስፒታል ባለሙያዎች የሚያስገመግም ሆስፒታል፣ እንዲሁም ግቡን በቁጥር አስቀድሞ የሚያስታውቅ ብሔራዊ ባንክ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባል። ተጠያቂ መሆን ጊዜ ይወስዳል፣ ጉድለትን ያጋልጣል፣ ኃላፊውንም ሊያስወቅስ ይችላል። ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት ማንም ሳያስገድደው ራሱን ለምን ለጥያቄ ያቀርባል? ይህ መጣጥፍ ምክንያቶቹን፣ በኢትዮጵያ የታዩ ተሞክሮዎችን፣ የአሠራሩን ድክመቶችና እውነተኛው ከታይታው የሚለይበትን መንገድ ይገልጻል። ለምሳሌነትም በየቦታው በሶር ወንዝ አጠገብ የምትገኘው መቱና ሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች ይጠቀሳሉ።

ትርጉም

ሆላንዳዊው የሕዝብ አስተዳደር ምሁር ማርክ ቦቨንስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተጠያቂነትን በሁለት ወገኖች መካከል ያለ ግንኙነት አድርጎ ተርጉሞታል። አንደኛው ወገን ሥራውን የሚያስረዳው ተጠያቂ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማብራሪያውን የሚቀበለው ጠያቂ ነው፤ ይህ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ኦዲተር፣ ጋዜጣ ወይም የተገልጋዮች ስብሰባ ሊሆን ይችላል። ግንኙነቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦

1. ተጠያቂው ስለ ሥራው መረጃና ማብራሪያ ይሰጣል።
2. ጠያቂው ጥያቄ ያነሣል፤ ከዚያም ሥራው ጥሩ ነው ወይም አይደለም ብሎ ይፈርዳል።
3. ፍርዱ ውጤት ያስከትላል፤ ይኸውም ምስጋና፣ እርማት፣ ቅጣት ወይም የአሠራር ለውጥ ነው።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተጠያቂነቱ ሙሉ አይደለም። መረጃ መለጠፍ ብቻውን ግልጽነት ነው። ስብሰባ መጥራት ብቻውንም ምክክር ነው። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ጠያቂው የተናገረው ነገር ምንም ካልለወጠ ተጠያቂነት አይባሉም።

ተጠያቂነት በአቅጣጫም ይለያያል። በመቱ ዙሪያ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ለምሳሌ ይወሰድ። ጤና ጣቢያው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያደርጋል፤ ወረዳው ለኢሉባቦር ዞን፣ ዞኑ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ፣ ቢሮውም ለጤና ሚኒስቴር መረጃውን ያስተላልፋል። ይህ ወደ ላይ የሚሄድ ተጠያቂነት ነው፤ ግዴታም ነው። መድኃኒት ፈልጋ የመጣች እናት «ለምን የለም?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት ማብራሪያ ግን ወደ ታች የሚሄድ ነው። ለበላይ አካል የሚላከው ሪፖርት ቅጽና የጊዜ ገደብ አለው። ለእናቲቱ የሚሰጠው መልስ ግን በአብዛኛው በኃላፊው ፈቃድና ፍላጎት ላይ የተመሠረተ ነው። የፈቃደኝነት ተጠያቂነት ይበልጥ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ሕግ የሚያስገድደው

ፈቃደኝነት የሚጀምረው ግዴታ ከሚያበቃበት ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የግዴታውን ወሰን ማወቅ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 101 ዋናውን ኦዲተር ያቋቁማል።

ከሕገ መንግሥቱ በኋላ ዝርዝር ሕጎች ወጥተዋል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል፤ የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ይመረምራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት፣ አንዳንድ መረጃዎችንም ጥያቄ ሳይጠብቅ ማሳተም እንደሚገባው ይገልጻል። አዋጅ ቁጥር 668/2002 የመንግሥት ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል።

እነዚህ ሕጎች ወሳኝ ቢሆኑም ሁሉን ነገር አይሸፍኑም። ሕግ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲሰቀል ማዘዝ ይችላል። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ወቅታዊ እንዲሆን፣ አንባቢው በሚገባው ቋንቋ እንዲቀርብ፣ የጠየቀውም ሰው በትዕግሥት እንዲስተናገድ ለማድረግ ግን የሕግ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። ቀሪው በመሥሪያ ቤቱ ላይ የተተወ ነው።

መሥሪያ ቤቶች ለምን ይፈቅዳሉ?

የዘርፉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ምክንያቶችን ያቀርባሉ። ክሪስተል ኮፕ በ2014 እ.ኤ.አ. የሆላንድ የመንግሥት ተቋማትን መሠረት አድርጋ ባሳተመችው ጥናት ርእሱን በቀጥታ መርምራለች። ዳንኤል ካርፔንተር ደግሞ የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በምሳሌነት ወስዶ መሥሪያ ቤቶች መልካም ስማቸውን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚጥሩ አሳይቷል። ከተለያዩ ጥናቶችና ከኢትዮጵያ ተሞክሮ የሚታዩት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

መታመን። ብዙ የመንግሥት ሥራ ያለ ሕዝብ እምነት አይሠራም። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አባልነቱ በፈቃድ ነበር። አባወራው ሳይታመም አስቀድሞ መዋጮ ይከፍላል፤ በየዓመቱም ያድሳል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም፣ ሠራተኞቹም ያመናጭቃሉ ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት የሚያድሰው ሰው ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ ለተገልጋይ መልስ መስጠት ለተቋሙ የገቢ ጉዳይ ነው።

ቀድሞ መገኘት። ችግሩን ራሱ የተናገረ መሥሪያ ቤት ችግሩ በሌላ ሰው ከተጋለጠበት መሥሪያ ቤት ያነሰ ይጎዳል። ደግሞም በፈቃድ የተጀመረ አሠራር ከበላይ ሊመጣ የሚችለውን ጥብቅ ቁጥጥር ያስቀራል ወይም ቅርጹን ለመወሰን ዕድል ይሰጣል።

የጥፋቱን ባለቤት መለየት። ወደ ታች ያለ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በእጁ በሌለ ነገር ነው። መድኃኒቱ ያልመጣው ከማከፋፈያው ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው የጠየቀበትን ቀንና የተላከለትን መጠን ለሕዝብ ማሳየቱ ለራሱም ይጠቅመዋል። ሕዝቡ ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስዳል፤ ጤና ጣቢያውም ከበላይ አካል ጋር ሲነጋገር ድጋፍ ያገኛል።

መረጃ ማግኘት። ኃላፊ የሚያገኘው ሪፖርት የሚዘጋጀው ከሥሩ ባሉ ሠራተኞች ነው። ወረፋው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ማን ጉቦ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው የውኃ ቦኖ እንደተበላሸ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ተገልጋዩ ነው። የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት የሚሰማም ስለሆነ፣ በሌላ መንገድ በውድ ዋጋ የሚገኝ መረጃን በነፃ ያገኛል።

ገንዘብና ድጋፍ። ለጋሾች፣ አበዳሪዎችና ባለሀብቶች ሒሳቡን ለሚያሳይ አካል መስጠት ይመርጣሉ። በዚህ ምክንያት የሚመጣ ፈቃደኝነት ከፊል ግዴታ ቢመስልም፣ ተቋሙ ሊቀበለውም ሊተወውም ስለሚችል ከሕግ ትእዛዝ ይለያል።

የሙያ ክብር። ሐኪም በሐኪም፣ መምህር በመምህር ፊት ማፈር አይፈልግም። በኔዘርላንድስ በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የመሬት መዝገብ ድርጅቱን ጨምሮ የተወሰኑ አስፈጻሚ ተቋማት ቻርተር ፈርመው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲገመግም ተስማምተዋል። ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም።

ባህል። ኃላፊዎቹ ያደጉበት ማኅበረሰብ ስለ ሹመት ያለው ግንዛቤም ተጽዕኖ ያሳድራል። ይህ ነጥብ ስለ ኢሉባቦር በሚያወሳው ክፍል ይታያል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በጀትን መለጠፍ

በ1994 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሲጠናከር፣ ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን በጀት ራሳቸው መደልደል ጀመሩ። ስለዚህ «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ወረዳ ወረደ።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሽ አገሮች ለፌዴራል መንግሥቱ የሚሰጡትን ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። በምትኩ በ1998 ዓ.ም. መሠረታዊ አገልግሎቶችን የማስጠበቅ ፕሮግራም (በአሕጽሮት ፒ.ቢ.ኤስ.) ተጀመረ። ገንዘቡ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃ፣ ለግብርናና ለገጠር መንገድ አገልግሎት ወደ ወረዳዎች እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ይባላል። በዚህ ክፍል ወረዳዎች የበጀታቸውንና የወጪያቸውን መረጃ ማንኛውም ሰው ሊረዳው በሚችል ቀላል ሠንጠረዥ አዘጋጅተው በአደባባይ እንዲለጥፉ፣ ሕዝቡም ሠንጠረዡን ማንበብ እንዲችል ሥልጠና እንዲሰጥ ተደረገ።

እዚህ ላይ ፈቃዱ የማን እንደነበር መለየት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙን የተስማሙበት መንግሥትና ለጋሾች ናቸው፤ ወረዳው ሰሌዳውን የሰቀለው በመመሪያ ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡን በየሩብ ዓመቱ ማደስ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ መስቀል፣ አላፊ አግዳሚው ሲጠይቅ ወጥቶ ማስረዳት በየወረዳው ኃላፊዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ሕጉና ለጋሹ እኩል ሆነው ሳለ በሁለት ጎረቤት ወረዳዎች መካከል ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማኅበራዊ ተጠያቂነት

በዚሁ ፕሮግራም ሥር የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ፣ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በሰፊው ተካሂዷል። በሁለተኛው ምዕራፍ ከ200 በላይ ወረዳዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ በወረዳ ደረጃ ያስፈጸሙት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው።

ዋናው መሣሪያ የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነው። ካርዱን በ2002 እ.ኤ.አ. በማላዊ ያዘጋጀው ኬር የተባለው ድርጅት ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦

1. ነዋሪዎች ስለ መብታቸውና ስለ አገልግሎቱ ደረጃ ይነገራቸዋል። ለምሳሌ በአንድ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል ሊማር እንደሚገባ ያውቃሉ።
2. ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየቡድናቸው ተቀምጠው ለአገልግሎቱ ነጥብ ይሰጣሉ። በቡድን መለየቱ በትልቅ ስብሰባ ላይ የማይናገሩ ሰዎች እንዲናገሩ ይረዳል።
3. አገልግሎት ሰጪዎቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ።
4. ሁለቱ ወገኖች በፊት ለፊት ውይይት ይገናኛሉ። ነጥቦቹ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ልዩነቱ ይብራራል።
5. ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚገልጽ የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር ይጻፋል።
6. ከጥቂት ወራት በኋላ አፈጻጸሙ በድጋሚ ነጥብ ይሰጠዋል።

ይህ አሠራር ከተለመደው ስብሰባ የሚለየው በአምስተኛውና በስድስተኛው ደረጃ ነው። ስምና ቀን ያለው ቃል ይገባል፤ ቃሉም ተመልሶ ይመረመራል።

ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች

የጤና ሚኒስቴር ይህንኑ ካርድ በኋላ በጤና ጣቢያዎች ደረጃ ተጠቅሞበታል። ነዋሪዎች ነጥብ ከሚሰጡባቸው ጉዳዮች መካከል የሠራተኞች ርኅራኄና አክብሮት፣ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ አገልግሎት መኖር፣ የአምቡላንስ አገልግሎትና የተቋሙ ንጽሕና ይገኙበታል።

ሆስፒታሎች ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለጥራት ጥምረትን ጀምረዋል። በጥምረቱ የተሻለ አፈጻጸም ያላቸው ሆስፒታሎች ሌሎችን ይመራሉ፤ ልምድ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል። እዚህ ጠያቂው የሙያ ባልደረባ ነው። የሕክምና ስሕተትን ከታካሚ ይልቅ ባለሙያ ስለሚያውቀው ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው የሚያውቀውን፣ ማለትም እንዴት እንደተስተናገደ፣ ሊተካ አይችልም።

የማዕድን ገቢ ግልጽነት

ፈቃደኝነቱ የመላው መንግሥት የሆነበት ምሳሌም አለ። የማዕድን ኢንዱስትሪ ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ኩባንያዎች ለመንግሥት የከፈሉትንና መንግሥት ተቀበልሁ ያለውን ገንዘብ አነጻጽሮ የሚያሳትም ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ማንኛውም አገር የሚገባበት በራሱ ጥያቄ ነው። መንግሥት፣ ኩባንያዎችና ሲቪል ማኅበረሰብ በጋራ ይመሩታል።

ኢትዮጵያ አባል ለመሆን ባመለከተች ጊዜ ዓለም አቀፉ ቦርድ በ2002 ዓ.ም. ሳይቀበላት ቀረ። ምክንያቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነበር፤ አዋጁ ከበጀታቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ይከለክል ስለነበር፣ ሲቪል ማኅበረሰቡ ነፃ ጠያቂ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ጥርጣሬ አስነሥቷል። አገሪቱ በእጩነት ተቀባይነት ያገኘችው በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። ታሪኩ የሚያስተምረው ነጥብ ግልጽ ነው፦ ተጠያቂው ፈቃደኛ ቢሆንም ነፃ ጠያቂ ከሌለ ግንኙነቱ አይሞላም።

ብሔራዊ ባንክ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱን እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የማውረድ ግብ እንዳለው በይፋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮም የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ከስብሰባው በኋላ ውሳኔውንና ምክንያቱን በመግለጫ ማውጣት ጀመረ። ቁጥርና ቀን ያለው ግብ ማወጅ ለባንክ አደገኛ ነው፤ ካልተሳካ ሁሉም ያያል። ጥቅሙ ግን ነጋዴውና ሸማቹ ቃሉን ካመኑት ዋጋ ሲያወጡና ደመወዝ ሲደራደሩ ያንኑ ቁጥር እያሰቡ መሆኑ ነው። የዋጋ ንረቱን የሚለካው ደግሞ ባንኩ ሳይሆን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ተፈታኙ የራሱን ፈተና አያርምም።

ከኢሉባቦር ሲታይ

የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ መቱ ናት። በቀድሞው አስተዳደር አካባቢው ሶርና ገባ አውራጃ ይባል ነበር፤ ስያሜውም ከሁለቱ ወንዞች የመጣ ነው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ ይፈስሳል። የአካባቢው ኗሪ በተለይ ከቡና፣ ከማርና ከደን ጋር የተያያዘ ኑሮ ይኖራል። የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንዲህ ባለ ከማዕከል በራቀ አካባቢ ሁለት ዓይነት መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኞቹ ነዋሪው በየቀኑ የሚያገኛቸው ናቸው፦ ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ አገልግሎት፣ የመቱ ካርል ሆስፒታል። ሁለተኞቹ ውሳኔያቸው አዲስ አበባ የሚሰጥ፣ ሥራቸው ግን በአካባቢው የሚያርፍ ትላልቅ ድርጅቶች ናቸው።

የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ የያዮ የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በአካባቢው የድንጋይ ከሰል ተጠቅሞ ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዶ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ተጀመረ። ባለቤቱ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን፣ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ነበሩ። ግንባታው በተያዘለት ጊዜ አልተጠናቀቀም። የመዘግየቱ ጉዳይ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ጥያቄው የቀረበው ግን ከዓመታት በኋላና ከውጭ ነው። ሁለቱም ድርጅቶች በየጊዜው የተሠራውንና የቀረውን ሥራ ለአካባቢው ነዋሪ በሚገባው መንገድ ቢያሳውቁ ኖሮ መዘግየቱ ቀድሞ በታወቀ፣ እርማቱም ባነሰ ዋጋ በተደረገ ነበር። ዘግይቶ የሚመጣ ተጠያቂነት ጥፋተኛውን ሊቀጣ ይችላል፤ የባከነውን ጊዜ ግን አይመልስም።

በሌላ በኩል በአካባቢው ባህል ተጠያቂነት እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ከሥርዓቱ የወጣ መሪም ጊዜው ሳይደርስ ሊነሣ ይችላል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በከተሞች ደግሞ እድር አለ። የእድር ገንዘብ ያዥ በአባላት ጉባኤ ፊት ቆሞ የገባውንና የወጣውን ይናገራል፤ የሚጠራጠር ሰው ይጠይቃል፤ ዳኛውና ጸሐፊውም ይመልሳሉ። ያላረካ ገንዘብ ያዥ በሚቀጥለው ምርጫ ይቀየራል። የቦቨንስ ሦስት ደረጃዎች እዚህ ሙሉ በሙሉ ይገኛሉ። ልዩነቱ የእድር አባል መዋጮውን ማቆም መቻሉ ነው። ከቀበሌ ወይም ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ግን ነዋሪው ሌላ አማራጭ ፈልጎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ እድርን ታማኝ የሚያደርገው ግፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ በሌላ መንገድ መፈጠር አለበት።

ድክመቶችና ትችቶች

የመጀመሪያው ትችት ታይታ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከበር ላይ አገልግሎቱን፣ የሚፈጀውን ሰዓትና ቅድመ ሁኔታውን የሚዘረዝር የዜጎች ቻርተር ይሰቅላሉ፤ የአስተያየት ሳጥንም ያስቀምጣሉ። ሐሳቡ በ1991 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የጆን ሜጀር መንግሥት ካወጣው የዜጎች ቻርተር ጋር ይዛመዳል። ነገር ግን «በ30 ደቂቃ» የሚለው ተስፋ ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚደረግ ካልተጻፈ፣ ሳጥኑም መቼና በማን እንደሚከፈት ካልታወቀ፣ ሰሌዳው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም ጉዳት አለው፤ ሰው ተናግሮ ምላሽ ሲያጣ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

ሁለተኛው መምረጥ ነው። በፈቃዱ የሚናገር መሥሪያ ቤት ስለ ምን እንደሚናገር ራሱ ይመርጣል። የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ይነግራል፤ የጸደቀውን ላይነግር ይችላል።

ሦስተኛው ጠያቂውን መምረጥ ነው። ለረጅም ዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ግምገማ ሠራተኞችና ኃላፊዎች እርስ በርስ የሚተቻቹበት መድረክ ነው። ትችቱ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ተገልጋዩ ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝበትም፣ ውጤቱንም አይሰማም።

አራተኛው የውጤት ጥያቄ ነው። በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ረገድ በሰፊው ይጠቀሳሉ። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ይደርስ ነበር። መንግሥት የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ከጀመረ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በዚያው ወቅት የተደረጉ ሌሎች የፋይናንስ ለውጦችም ድርሻ እንደነበራቸው አስረድተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ50 ጤና ጣቢያዎች የተደረገ የማኅበረሰብ ክትትል የሕፃናትን ሞት በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደቀነሰ ገለጸ። በኋላ ከ300 በሚበልጡ ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን በሞት መጠን ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ስብሰባውና ካርዱ በራሳቸው መድኃኒት አይደሉም፤ የሚሠሩት በጀት፣ መድኃኒትና የሰው ኃይል ሲኖር፣ የበላዩ አካልም ሲያግዝ ነው።

እውነተኛው የሚለይበት መንገድ

አንድ መሥሪያ ቤት «ለሕዝብ ተጠያቂ ነኝ» ሲል አንባቢ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሊያነሣ ይችላል፦

* የተገባው ቃል ቁጥርና ቀን አለው ወይ? «አገልግሎቱን እናሻሽላለን» የሚለው አይለካም፤ «እስከ ጥር 30 ሁለተኛ የካርድ መስኮት እንከፍታለን» የሚለው ይለካል።
* መረጃውን ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል ወይ?
* የማይመች ነገርም ተነግሯል ወይ? ጉድለት የሌለበት ሪፖርት አጠራጣሪ ነው።
* ጠያቂው የተመረጠው በማን ነው? ያለ ፍርሃትስ መናገር ይችላል ወይ?
* ባለፈው ጊዜ ከተጠየቀው ምን ተለወጠ?

የመጨረሻው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛውን ደረጃ፣ ማለትም ውጤቱን የሚመረምረው እርሱ ነው።

ዲጂታል አሠራርም በእነዚሁ ጥያቄዎች ይመዘናል። የበጀት ሠንጠረዥን በፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መልቀቅ ከሰሌዳ ይልቅ ለብዙ ሰው ያደርሳል። ነገር ግን ፎቶውን መደመር፣ ካለፈው ዓመት ጋር ማነጻጸር ወይም መፈለግ አይቻልም። ያው ሠንጠረዥ በኤክሴል ወይም በሌላ ኮምፒዩተር በሚያነበው ፋይል ቢወጣ፣ በመቱ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ የአሥር ወረዳዎችን የውኃ በጀት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወዳድር ይችላል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች «መረጃውን አውጥተናል» ይላሉ፤ ለመመርመር የተዘጋጀው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ ሰሌዳውና ስብሰባው አሁንም ተተኪ የላቸውም፤ መረጃውም በአፋን ኦሮሞና ነዋሪው በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች መቅረብ አለበት።

ባጠቃላይ የፈቃደኝነት ተጠያቂነት የሕግ ምትክ አይደለም። ኦዲተር፣ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤትና ነፃ መገናኛ ብዙኃን በሌሉበት ፈቃደኝነቱ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ኃላፊው ሲቀየር ሰሌዳውም ይረሳል። እነዚህ ባሉበት ግን ሕግ የማይደርስበትን ቦታ፣ ማለትም የጤና ጣቢያውን መስኮት፣ የትምህርት ቤቱን ግቢና የወረዳውን ቢሮ ይሞላል። መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ሊያገኘው የማይችለው ነገር የሕዝብ እምነት ስለሆነ፣ ራሱን ለጥያቄ የሚያቀርበው ይህን እምነት ለማግኘት ነው። እምነቱም የሚገኘው መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲሰጥ ሊያጣ የሚችለው ነገር ካለ ብቻ ነው።